ለማን አቤት ልበል?

ከሲያትል አየር ማረፊያ ያሳፈሩኝ ሾፌር የአገሬ ሰው ናቸው። በዚያ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። ጋሼ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው ስልካቸውን አሳዩኝ፤ «ታሪፉን የሚቆርጠው ይኼ፣ የሚያግደኝም ይኼ። ለማን አቤት ልበል ልጄ?»

ጥያቄያቸው ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የከተማው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ደንብ አወጣ፦ አብዛኞቹ ሾፌሮች የሚወክላቸው ማኅበር ከመረጡ፣ በስልክ መተግበሪያ ከተሳፋሪ የሚያገናኛቸው ኩባንያ ከማኅበሩ ጋር ለድርድር ይቀመጣል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ የአሜሪካ ከተማ አልነበረም። የ1935ቱ የአገሪቱ ሕግ አሠሪን ለድርድር ያስገድዳል፤ የ1947ቱ ማሻሻያ ግን በግላቸው የሚሠሩ ተቋራጮችን ከሠራተኛ ተራ አውጥቷቸዋል። ኩባንያዎቹ እነጋሼን የሚመድቧቸው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት ከተማውን ከሰሰ። ክርክሩን ሳነብ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ነገር አገኘሁ። ሾፌሩ ሠራተኛ ካልሆነ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴዎች ተሰብስበው ስለ ክፍያ ከተነጋገሩ ደግሞ ዋጋ ለመወሰን እንደማደም ይቆጠራል። በ1890 ግዙፍ ከበርቴዎችን ለመግታት የወጣ የውድድር ሕግ በባለ አንድ መኪና ሰው ላይ ተመዘዘ! ዋጋ መቁረጥ የማይችል ሰው እንዴት በዋጋ አድመኝነት ይጠረጠራል? በሜይ 2018 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ ከ1935ቱ ሕግ ጋር አይጋጭም አለ። ሆኖም የክፍያውን ድርድር ክፍለ ግዛቱ በግልጽ ስላልፈቀደውና ስለማይቆጣጠረው፣ ከውድድር ሕጉ የሚያስጥል ከለላ ነፈገው።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለኅብረት ድርድር የተጠየቀ ወገን በ10 ቀን ውስጥ እንዲቀርብና በቅን ልቦና እንዲደራደር ያዛል። ደግ ሕግ ነው። ግን መነሻው የሥራ ውል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ እየተጠራ የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ከዚያ በር ውጭ ቆሟል። ሕግ አውጪዎቻችን የሲያትልን ሙግት ቢያነቡት እወዳለሁ።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ለሾፌሮቹ ዝቅተኛ የክፍያ ወለል በሕግ ደነገገ። በኖቬምበር 2024 የማሳቹሴትስ መራጮች ከዚያ አልፈው ለራሳቸው ክፍለ ግዛት ሾፌሮች በማኅበር የመደራደር መብት ሰጡ፤ ስምምነቱም በክፍለ ግዛቱ መንግሥት እንዲጸድቅ አደረጉ። የሲያትሉ ደንብ የጎደለው ይኸው ነበር።

ስወርድ የማኅበር አባል እንደሆኑ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ» አሉኝ፤ ስልካቸው ሌላ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር።