የልብ ምርመራ ወደ ገጠር ይውረድ

በገጠር ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ብርድ ነው፤ ይተወዋል» ብሎ የሚያልፍ ወላጅ ብዙ ነው። እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወስደውም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በጀርም የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያስከትላል፤ ሲደጋገምም የልብን ቫልቮች ያበላሻል። ልጁ ግን ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ከብት ይጠብቃል፣ ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ትንፋሽ ሲያጥረውና እግሩ ሲያብጥ ሐኪም ቤት ቢደርስም፣ ያን ጊዜ ቫልቩን ለመጠገን የሚቀረው በአብዛኛው ውድ የሆነው የቀዶ ሕክምና ነው።

ይህን ስውር ጉዳት ያለ ቢላዋና ያለ መርፌ የሚያሳይ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ሄልሙት ኸርትስ የጀመሩት ይህ ዘዴ፣ ነፍሰ ጡር እንደምትመረመርበት አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ነው። ጨረር የለውም፤ አያምም። ዛሬ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ሆኗል። ነርሶችም በአጭር ሥልጠና የመጀመሪያውን ልየታ መሥራት እንደሚችሉ በኡጋንዳና በፊጂ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

ጥቅሙም በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ የኡጋንዳ ጥናት፣ ጉዳቱ ገና በጅምሩ የተገኘባቸው ልጆች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት 399 መካከል ሕመሙ የጠናባቸው 3 ብቻ ናቸው፤ ካልተወጉት 400 መካከል ግን 33 ናቸው።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ዋጋው ቀላል አለመሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከባሕር ማዶ የልብ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲመዛዘን የሚከብደው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነው፤ መርፌው በጤና ጣቢያው ዘወትር ካልተገኘ፣ ምርመራው ለወላጅ ጭንቀት ከመሆን አያልፍም። ስለሆነም መሣሪያው፣ የሠለጠነው ነርስና መድኃኒቱ አብረው ወደ ገጠር ሊወርዱ ይገባል። ልየታውም ልጆች በብዛት በሚገኙበት በትምህርት ቤት ቢጀመር ይበጃል።

ወላጆችም የበኩላቸው ድርሻ አለባቸው። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ መወሰድ ያለበት ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ገበሬ ዋግ ማሳውን እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ገና ቅጠሉ ላይ ሲያየው ይነሣል። ለልጅ ልብም ቢሆን ብልሃቱ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።