ሞተሩ ሲጠፋ አልገፋ የሚል ትራክተር

አዲስ አበባ ያደገን ሰው መኪና ገፍቶ ማስነሳት ማንም አላስተማረውም። በፊያት 600 ታክሲዎች ዘመን ባትሪዋ የደከመ ታክሲ መንገድ ላይ ስትቆም ተሳፋሪው ሳይለመን ወርዶ ይገፋ ነበር፤ ሾፌሩም ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው ሞተሩ ይነሳል። በዚህ ስለለመድን ይመስለኛል፣ እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ሣር በማጨድ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ትራክተራቸው ሲቆምባቸው መጀመሪያ የሚዳዳቸው መግፋት ነው።

አንድ ወዳጃችን ያገለገለ የሣር ማጨጃ ትራክተር ገዝቶ ሥራ ጀመረ። (ለተራው የአውሮራ ጓሮ በእጅ የሚገፋው ይበቃል፤ ትራክተር የሚያስፈልገው ለሰፋፊ ግቢ ነው።) አንድ ቀን ደቡብ ምሥራቅ አውሮራ፣ ሥራው መሐል ሞተሩ ጠፋና አልነሳም አለ። ሦስት ሆነው ገፉት። የኋላው ጎማ እግሩን እንደተከለ በሬ አልዞርም ብሎ ሣሩን እየፋቀ ተንሸራተተ። ስልክ የተደወለለት ጋራዥ ትራክተሩን ሳያይ «ካምቢዮው ሞቷል» አለና የጠራው ዋጋ ከተገዛበት የሚያንስ አልነበረም። ወዳጃችን በብረት ዋጋ ሊሸጠው ሲሰናዳ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ከጎረቤት መጥተው፣ ከኋላ ጎንበስ ብለው አንዲት ቀጭን ዘንግ ሳቡ። ከዚያ በኋላ ትራክተሩን የገፋው አንድ ሰው ነው።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ትራክተሮች ሃይድሮስታቲክ ይባላሉ፤ እኛ የምናውቀው ዓይነት ማርሽና ፍሪሲዮን የላቸውም። ሞተሩ በቺንጋ የዘይት ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ የሚልከው ዘይት ደግሞ ሌላ ክፍል እያዞረ ጎማውን ያንቀሳቅሳል። ወደፊት ወይም ወደኋላ፣ በዝግታ ወይም በፍጥነት መሄዱን የሚወስነው ፔዳሉ የሚፈቅደው የዘይት መጠንና አቅጣጫ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ዘይቱም መሄጃ አጥቶ ይታፈናል። ዘይት ደግሞ ቢጨምቁት አይጠብም። ስለዚህ ጎማውን ሲገፉ የሚታገሉት ከተሰበረ ጥርስ ጋር ሳይሆን ከታፈነ ዘይት ጋር ነው። ገፍቶ ማስነሳትማ አይታሰብ።

ያቺ ዘንግ ለታፈነው ዘይት አቋራጭ መንገድ ትከፍትለታለች። በአብዛኛው የምትገኘው ከኋላ፣ ተጎታች ከሚታሰርበት አጠገብ ነው። በአንዳንዱ ትሳባለች፣ በአንዳንዱ ተስባ ወደ ጎን ትያዛለች። ቁልፉን ያጥፉ፣ ዘንጓን ይክፈቱ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ይልቀቁና በዝግታ ይግፉ።

አደራ የምለው ግን አለ። ዘንጓ ስትከፈት ትራክተሩን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል ማንም አይቁም፤ ልጆችንም ያርቁ። ሁለት መቶ ኪሎ ብረት ቁልቁል ከተንደረደረ በደረት አይመለስም። በገመድ ከፒክአፕ ኋላ አስሮ ኮልፋክስን ላቋርጥ የሚልም ይተው፤ መኪና እየጎተተው ጎማው ሲፈጥን የካምቢዮው የውስጥ ዕቃ ይጎዳል፣ ፋብሪካዎቹም ይከለክላሉ። በተጎታች ላይ ይጫን። ከተጫነ በኋላም ዘንጓ ትዘጋ፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ በደንብ ይታሰር።

ሰው የሚረሳው ዘንጓን መመለስ ነው። ተከፍታ ከቀረች ሞተሩ ተነስቶ ይጮሃል እንጂ ትራክተሩ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ካምቢዮ «ተበላሸ» ተብሎ ይወርዳል። ጋራዥ ሴል ላይ «ሞተሩ ይሠራል፣ ግን አይሄድም» የተባለ ርካሽ ትራክተር ካጋጠመዎ ገንዘብ ሳያወጡ፣ ተስፋም ሳይቆርጡ መጀመሪያ ይህችን ዘንግ ይዩ። ቀጥሎ ቺንጋው ወልቆ ወይም ላልቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሁለቱም ካልሆነ ያኔ ዋጋውን በካምቢዮው ልክ ይከራከሩ።

የኮሎራዶ ብርድ ሲገባ ዘይቱ ስለሚወፍር ዘንጓ ተከፍታም ግፊው ይከብዳል። ትራክተሩን ለክረምቱ የሚያስቀምጡ ከሆነ በረዶው ሳይጥል፣ ሞተሩ በደህና ሲነሳ እስከ ማደሪያው ድረስ ነድተው ያስገቡት።