ሰማራንግን መንገድ ከፍ በማድረግ ብቻ ማዳን አይቻልም

ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ጃቫ ላይ ጃካርታን አይተን እናልፍ ነበር አይደል? ዛሬ በዚያው ሰሜናዊ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ እንለፍና ሰማራንግን እንያት። የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1867 የተጀመረው ከዚህች ከተማ ነው። ደቡቧ ኮረብታ ነው፤ ሰሜኗ ግን ወንዝ ያመጣው ለስላሳ ደለል። ታንጁንግ ኤማስ የሚባለው ወደብ፣ ጣዋንግ ባቡር ጣቢያና ብዙ ፋብሪካ ያሉት እዚሁ ደለል ላይ ነው።

መሬቱ ደግሞ እየሰመጠ ነው፤ በአንዳንድ ሰፈር በዓመት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር! "ባሕሩ ከፍ ብሎ ነው" ይባላል። እውነት ነው፣ ግን የባሕሩ ጭማሪ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። እኔ ዋናው ጥፋተኛ የምለው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳበውን ውሃ ነው፤ ውሃው ሲወጣ ደለሉ ይሟሽሻል።

አሁን ከሰማራንግ ወደ ደማክ የባሕር መከላከያም የሚሆን የክፍያ መንገድ እየተሠራ ነው። አልቃወምም፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የወደቡ አካባቢ መከላከያ ተደርምሶ ሠራተኞች በውሃ ውስጥ ሲወጡ አይተናል። ግን ለፋብሪካውም ለነዋሪውም በቂ የቧንቧ ውሃ ሳይደርስ ግንብ ቢቆለል ግንቡም አብሮ ይሰምጣል።

እስከዚያው ሰዉ በየጊዜው አፈር እየሞላ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ አቅም ያጣው ግን የገዛ ቤቱ የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው።