የክረምት ጭቃና የጎማ ስፋት

ከበደሌ ተነሥቶ በያዩና በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ የሚዘልቀውን ዋና መንገድ ለቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ሰው፣ ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቡና የጫነውም፣ ወላድ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚገሰግሰውም መኪና የሚፈተነው በዚሁ ጭቃ ላይ ነው። ባሌስትራ አስነሥተው መኪናቸውን ከፍ ያደረጉ ባለንብረቶች ቀጥለው የሚያስቡት ሰፊ ጎማ መግዛትን ነው፤ «ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይይዛል» በማለት። እኛ በዚህ አንስማማም።

2400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 6000 ኒውተን ያህል ያሳርፋል። የጎማው የአየር ግፊት 240 ኪሎፓስካል (ጎሚስታው 35 የሚለው) ከሆነ፣ ክብደቱ ለግፊቱ ሲካፈል መሬት የሚነካው ገጽ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ የጎማው ስፋት አልገባም። 19 ሴ.ሜ ስፋት ያለው የተለመደው 7.50-16 ጎማ 13 ሴ.ሜ የሚረዝም አሻራ ሲተው፣ 28.5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው 9 ሴ.ሜ የማይሞላ አሻራ ይተዋል። የጎማው ግድግዳ ጥንካሬ ቁጥሩን ጥቂት ያዛባዋል እንጂ ፍሬ ነገሩን አይለውጠውም። ሰፊው የሚያተርፈው ከፊቱ የሚገፋውን ጭቃ ማብዛት ነው!

ሰበቃ በመነካኪያ ገጽ መጠን ላይ እንደማይመሠረት በትምህርት ቤት ተምረናል። ጭቃ ግን ይህን ሕግ አያከብርም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 ጨረቃ ላይ ለተነዳው ተሽከርካሪ ንድፍ አስተዋጽኦ ያደረገው ትውልደ ፖላንዱ መሐንዲስ ሚዬቺስዋፍ ቤከር በሰፊው የተጠቀመበት ስሌት፣ የአፈርን ጉልበት ከሁለት ምንጭ ይቀዳዋል፦ አንደኛው የቅንጣቶቹ መጣበቅ ሲሆን ከገጹ መጠን ጋር ያድጋል፤ ሁለተኛው የውስጥ ሰበቃ ሲሆን ከክብደቱ ጋር ያድጋል። ውኃ በጠገበ ሸክላ አፈር የመጀመሪያው፣ በጠጠር ላይ ሁለተኛው ያይላል።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ከጭቃው ሥር ምን አለ የሚለው ነው። በስዊድን የበረዶ ውድድር መኪኖች ቀጫጭን ባለምስማር ጎማ ያስራሉ፤ ስሱን በረዶ ሰንጥቀው ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ግግር ይነክሳሉና። አይስላንዳውያን ደግሞ ወለሉ በማይገኝ የበረዶ ክምር ላይ እጅግ ሰፊና አየሩ የጎደለ ጎማ ይዘው ይንሳፈፋሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገረጋንቲ የፈሰሰበት ወይም ለዓመታት በመኪና የተጠቀጠቀ የገጠር መንገድ ከስዊድኑ ጋር ይመሳሰላል፤ ቀጭን፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ይበቃዋል። ረግረጋማ ሸለቆ ከሆነ ፍርዳችን ይገለበጣል። በትር ሰክቶ ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ከፍ ማድረጉም ዋጋ አለው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 150 ሴ.ሜ ርቀት፣ የስበት ማዕከሉም 75 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው መኪና በስሌት እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ሳይገለበጥ ያዘነብላል። ማዕከሉ 10 ሴ.ሜ ከፍ ሲል ወሰኑ ወደ 41 ይወርዳል፤ ባሌስትራው ስለሚተጣጠፍም እውነተኛው ወሰን ከዚህ ያነሰ ነው።

ጭቃው ጥልቅ ሆኖ ብዙ ገጽ ካስፈለገ ግፊቱን ወደ 150 ኪሎፓስካል መቀነስ 250ውን ካሬ ሴንቲ ሜትር 400 ያደርሰዋል፤ ያውም በነጻ። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን አየሩን መልሶ መሙላት ግድ ነው፤ አየሩ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላልና።