የቤተሰብ ዓምድ፦ ስሙ የሚነሣበት ሥፍራ



ባለፈው ሰሞን ከአንዲት እኅታችን አጭር ደብዳቤ ደርሶናል። ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ሳለ የወደቀባት፣ መቃብሩም ከምትኖርበት ሠፈር እጅግ የራቀባት እናት ናት። «የሰባት ዓመቱ ልጄ ‹አባቴ የት ነው ያለው?› ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እጁን ይዤ ወዴት ልውሰደው?» ትላለች። ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው፤ ፈጥነን መልስ ለመስጠት ግን አልደፈርንም። ይልቁንም ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት አንሥቶ በእንጨት፣ በድንጋይና በደን መልስ የሰጠ ሕዝብ በአገራችን መኖሩን አስታወስንና ዛሬ ስለ እርሱ ልናወጋችሁ ወደድን።

ይኸውም ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ፣ ድንጋይ በበዛበትና ዝናብ በሚያጥርበት ምድር የሚኖረው የኮንሶ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ያህል ተቀባብሎ የሠራው የድንጋይ እርከን ከፍታው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ባህላዊ መልክዓ ምድሩም በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእርከኑ ዝና በብዙዎቻችሁ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንለፍ።

የኮንሶ ጥንታዊ ከተሞች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። በካቡ ውስጥ «ሞራ» የተባሉ የጋራ አደባባዮች አሉ፤ እስከ 17 ሞራ ያለው ከተማም ይገኛል። በሞራው የጋራ ቤት ወጣት ወንዶች ያድራሉ፤ እሳት ቢነሣ ወይም ጠላት ቢመጣ ፈጥነው ይደርሳሉ። የተረኛ ጥበቃን ትርጉም ለእናንተ ማስረዳት አያሻንም። ቀን ቀን ደግሞ ሽማግሌዎች በዚያው ይቀመጣሉ፤ ጉዳይ ይመክራሉ፤ ልጆችም አጠገባቸው ሆነው ወጉንና ሕጉን ይሰማሉ። ኃላፊነት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የጽድ ግንድ ይተከላል፤ «ዳጋ ሄላ» የሚባል የትውልድ ድንጋይም በሥርዓት ተፈልጦ፣ ተጓጉዞ ይቆማል። ስለዚህ የከተማውን ዕድሜ ለማወቅ የፈለገ ሰው ግንዱን ይቆጥራል።

ከከተማው ውጭ ባህላዊ ደኖች አሉ። የሥርዓት መሪዎች የሚቀበሩት በእነዚህ ደኖች ነው፤ ለሕሙማን የሚሆነው መድኃኒትም ከዚያው ይለቀማል። «ሃርዳ» የተባሉት፣ ሕዝቡ በጋራ ቆፍሮ በጋራ የሚጠብቃቸው የውኃ ኩሬዎችም በደኖቹ ውስጥ ወይም አቅራቢያ ይገኛሉ። ሙታንን ማሰብ፣ በሽተኛን ማከምና ውኃን መጠበቅ በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበው ይኖራሉ ማለት ነው።

የእኅታችንን ጥያቄ በቅርብ የሚነካው ግን «ዋካ» ነው። ዋካ በጀግንነቱ የታወቀ ሰው ሲሞት ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ በመቃብሩ ላይ የሚቆም ምስል ነው። ጀግናው በመካከል ይቆማል፤ የጣላቸው ጠላቶችና የገደላቸው አራዊትም ይቀረጻሉ። እዚህ ላይ አንባቢያን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን፤ ከጎኑ ሚስቶቹም ተቀርጸው ይቆማሉ። ጠራቢው ጀግናውን ብቻውን አላቆመውም። ቤቱን የጠበቀች፣ እርሻውን ያረመች፣ ልጆቹን ያሳደገች ሴት ከስሙ ተነጥላ እንዳትቀር አድርጓል። ይህን እኛ የጦር ሠፈር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ይመስለናል።

የሚያሳዝነው ብዙ ዋካዎች ተሰርቀው ለባዕዳን ተሸጠዋል፤ ልማዱም እየተመናመነ ነው። ከሌባ የተረፉትና የተመለሱት አንዳንዶቹ ካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከሥፍራው ተነቅሎ በማያውቁት ሰዎች ሳሎን የቆመ ዋካ ግን የተጠረበ እንጨት ነው እንጂ የማንም አባት አይደለም። ምስሉን መታሰቢያ የሚያደርገው ሥፍራውና በሥፍራው ቆሞ ስሙን የሚናገር ሰው ነው።

እንግዲህ እኅታችን ሆይ፤ መቃብሩ ቢርቅም ሥፍራ አይታጣም። ከቤትሽ ደጃፍ አንድ ዛፍ ከልጅሽ ጋር ትከሉ፤ ከሥሩ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ አኑሩ። በመታሰቢያው ቀን ጓዶቹን ጥሪና አባቱ እንዴት እንደሚስቅ፣ ምን እንደሚወድ፣ እንዴት እንደወደቀ በዚያ ጥላ ሥር ለልጁ ይንገሩት። አንቺም የራስሽን ድርሻ ሳትሸሽጊ ተናገሪ፤ በወጉ አንቺም ከጎኑ የቆምሽ ነሽና።

«ዝውውር ቢመጣስ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሠፈር ቤት ሲለቀቅ ቁልፍና ዕቃ በርክክብ ይሰጣል፤ ዛፉም ይጨመርበት። ተረካቢዋ ቤተሰብ የማን ስም እንዳለበት ሰምታ ውኃ ታጠጣው። በኮንሶም ካቡንና ኩሬውን እስከ ዛሬ ያቆየው ተረካቢው የአስረካቢውን ሥራ የራሱ ሥራ ብሎ መቀበሉ ነው።

ዛፍ የተከላችሁ ቤተሰቦች ብትጽፉልን በደስታ እናነባለን። እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።