ጄኔሬተሩ የበላው ንግግር

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ወርደን፣ ከጭሮ፣ ማለት ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በደሳ አደርን። በዚያው ማታ የከተማው ወጣቶች በገዛ እጃቸው የሠሩት ፊልም በአንድ አዳራሽ ይታያል ቢሉን፣ ፊልም ሲባል እግራችን አያልፍምና ገብተን ተቀመጥን።

እውነቱን ለመናገር አብዝተን ሥቀናል። ጎረምሳው ከቤቱ ሲወጣ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ደጁን ተሻግሮ መንገድ ላይ ሲደርስ ሹራቡ ሰማያዊ ሆነ። በርጫ ላይ በተቀመጡት ሽማግሌ ፊት ያለው የጫት እስር ሲቃም በማነስ ፈንታ እየወፈረ ሄደ። (ይህስ ለበደሳ ሰው ደስ የሚያሰኝ ተአምር ነው።) ሁለቱ ወጣቶች ስለ ፍቅራቸው ሲነጋገሩ ካሜራው ከጀርባቸው ያለውን መስኮት ፊት ለፊት ስላየ የሁለቱም ፊት ከሰል መሰለ። በመጨረሻም ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ አቀናባሪውና ዋናው ተጫዋች አንድ ሰው መሆኑን ጽሑፉ አራት ጊዜ ነገረን።

ይህን ሁሉ ይቅር ብለናል። ዓይን ብዙ ነገር ይታገሣል።

ይቅር ለማለት ያቃተን ሌላ ነው። በፊልሙ መካከል ልጇ ወደ ዐረብ አገር ሊሰደድ የተነሣባት እናት ትሰናበተዋለች። እናቲቱን ሆነው የተጫወቱት በከተማው ቡና አፍልተው የሚተዳደሩ አሮጊት ናቸው። አዘጋጆቹ እንደ ነገሩን፣ የሴትዮዋ የገዛ ልጃቸው በዚያው መንገድ ሄዶ ቀርቷል፤ ስለዚህ የተጻፈላቸውን ትተው የልባቸውን በኦሮምኛ ተናገሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ነገር ግን ፊልሙ በሚነሣበት ዕለት መብራት ጠፍቶ ኖሮ ከግድግዳው ጀርባ ጄኔሬተር ይሠራ ነበርና፣ የሰማነው የሞተሩን ጩኸት ብቻ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን፤ እንባቸውንም አየን፤ ቃሉ ግን የለም።

ልጆቹን ብንጠይቃቸው «ምን እናድርግ፣ ገንዘብ የለንም» አሉን። ይህን መልስ አንቀበለውም። ጄኔሬተሩ ለአምፑሉ አስፈልጎ ከሆነ፣ አሮጊቷን በጧት ፀሐይ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ስንት ብር ያስወጣ ነበር? ድምፁንም በካሜራው ከሩቅ ከመቅዳት፣ የአንዱን ልጅ ስልክ መቅጃውን ከፍቶ በነጠላቸው ሥር ማኖርና ሥራው ሲጀመር አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል። እጆቹ በሥዕሉ ላይ ሲገጥሙ የሚታዩበትን ቅጽበት በስልኩ ላይ ጭብጨባው ከሚሰማበት ጋራ ማስተካከል ነው፤ ሁለቱ ይስማማሉ። የታላላቆቹ ፊልም ሠሪዎች የእንጨት ማጨብጨቢያም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

የገንዘብ እጦት ደግሞ በእነሱ አልተጀመረም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረቡትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ ወደ አገራቸው መጥተው በሁለት ሳምንት ያህል፣ በጥቁርና ነጭ፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች አነሡት። ከበደሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐረር ያደጉት ጄሲካ በሺር ስለ ጫትና ስለ አካባቢው ወጣቶች ስደት የሚናገረውን «ፋያ ዳዪ»ን ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ዐሥር ዓመት ያህል ደከሙበት፤ ፊልሙ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያ ፊልም ሹክሹክታ እንኳ ይሰማል።

«ለጀማሪ ማጨብጨብ እንጂ መንቀፍ ምን ይባላል» የሚሉን ይኖራሉ። እኛም አጨብጭበናል፤ የነቀፍነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ሁለተኛ ፊልም እያሰናዱ መሆናቸውን ስለ ሰማን ዝም ማለቱን አልወደድንም።

በማግሥቱ ጧት ከሴትዮዋ ዘንድ ቡና ልንጠጣ ሄድን። ማታ ማታ ከቤት ስለማይወጡ ፊልሙን ገና አላዩትም። ለልጅዎ ምን ብለውት ነበር ብለን በአስተርጓሚ ብንጠይቃቸው፣ ስኒውን እያቀረቡልን፦

«አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ደግሜ አልለውም። ልጆቹ ይዘውታል፤ ከእነሱ ስሙት» አሉን።