የጂዛን የአፍ ካንሰር የእኛም ጉዳይ ነው

በሳዑዲ አረቢያ ደቡብ፣ በየመን ድንበር ላይ ባለው የጂዛን ክልል የአፍ ካንሰር ከሌሎቹ የአገሪቱ ክፍሎች ይልቅ በርክቶ ይታያል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሽታውን «ሸማህ» ከሚባለው፣ ትምባሆ ከኖራና ከአመድ ጋር ተደባልቆ አፍ ውስጥ ከሚያዘው ዱቄት ጋር አያይዞታል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከሴል ነው። በትምባሆው ውስጥ ያሉት ናይትሮሳሚን የተባሉ ኬሚካሎች ሰውነት ውስጥ ተለውጠው ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃሉ፤ ኖራው ደግሞ ስሱን የአፍ ሽፋን ያቆስላል። ጉዳት የደረሰበት ሴል እንዳይባዛ የሚያግደው፣ ካልሆነም ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘው ፒ53 የተባለ ዘረመል ሲበላሽ ሴሉ ያለ ልጓም ይራባል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ በሽታው መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው እጅግ የሚያሳስበን።

በክልሉ ከተሞች በሳምጣ፣ በሳቢያና በአቡ አሪሽ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን፣ በተለይ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ሐኪም ፊት መቅረብ ይፈራሉ። ጅዳ ያለው ቆንስላችንና የኮሚዩኒቲ ማኅበራት የሸማህን ጉዳት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ያስተምሩ። ሸማህ የምትይዙ ወገኖች፣ ዛሬውኑ ተዉት፤ በአፋችሁ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካያችሁም ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩ።